የግራው ሞተር ሽቦ

ረቡዕ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የጀመረው። ሰዓቱን የማልረሳው የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ አቶ ታዬ በስልካቸው ሰከንድ እየቆጠሩ ወደ ወርክሾፑ ስለገቡ ነው። በማግስቱ ለተማሪዎች የሮቦት ውድድር ወደ አዲስ አበባ ልንሄድ ነበር። ወለሉ ላይ የቆመው ሮቦታችን እንደ ልማዱ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ዞር ዞር አለና ጥቁሩን መስመር ይዞ መጓዝ ጀመረ።

«ይኼ መወዛወዝ ምንድን ነው?» አሉ አቶ ታዬ።

«ወለሉን እየለካ ነው» አልኩ። ዓይኔን ከላፕቶፑ አላነሳሁም።

«ሰባት ሰከንድ በላ እኮ! ውድድሩ በሰዓት መሆኑን ታውቂያለሽ አይደል፣ መስከረም? እዚህ ለክተሻል። ቁጥሩን ጻፊበትና ይህን ነገር አውጪው።»

ማለት የነበረብኝን አውቅ ነበር። የአዲስ አበባው ወለል የእኛ ወለል አይደለም፤ ሮቦቱ እዚያው ካልለካ ነጩን ከጥቁሩ መለየት ያቅተዋል። ይህን ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃ ነበር። እኔ ግን «እሺ» አልኩ። ስድስት መስመር ኮድ አጠፋሁ። ሮቦቱ የሚታሸግበት ካርቶን ፍለጋ ወጥተው የነበሩት የወርክሾፑ ረዳት ኦቦ ኢተፋ ሲመለሱ ላፕቶፑን ዘግቼ ነበር።

ኦቦ ኢተፋ ባለፈው የካቲት አረፉ። ስለ እሳቸው ስጽፍ ከሞታቸው መነሳት ነበረብኝ። ግን በዞርኩ ቁጥር የምመለሰው ወደዚያ ረቡዕ ነው።

ነቀምቴ በሚገኝ አንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ረዳት መምህር ሆኜ ስቀጠር ወርክሾፑን የያዙት እሳቸው ነበሩ። በቅጥር ደብዳቤያቸው ላይ የሰፈረው «የወርክሾፕ ረዳት፣ በኮንትራት» የሚል ነው። ዕድሜያቸው ስድሳን ሳያልፍ አልቀረም። ከነቀምቴ ወጣ ብላ በመኪና መንገዱ ዳር ካለችው ትንሽ ከተማ፣ ከኡኬ፣ በየቀኑ ይመላለሱ ነበር። ዲፕሎማ የላቸውም። ወደ ኮሌጁ ከመምጣታቸው በፊት በጉቶ ጊዳ ወረዳ ገጠሮች እየዞሩ የእህል ወፍጮ ሲጠግኑ፣ ሬዲዮ ሲፈቱና ሲገጥሙ ነው የኖሩት። የካፖርታቸው ኪስ ሁልጊዜ በብሎን ስለሚሞላ ሲራመዱ ይንሿሿ ነበር። መምጣታቸውን ከማየታችን በፊት እንሰማው ነበር።

የእኛ ቤት ሰዎች አመጣጣቸው ከጎጃም ነው። እኔ እዚሁ ተወልጄ ኦሮምኛን ጥርት አድርጌ ብሰማም ስናገር ምላሴ ይተሳሰራል። በአማርኛም ቢሆን ሰው ፊት ብዙ አልናገርም። ኦቦ ኢተፋ ይህን በመጀመሪያው ሳምንት ነው የተረዱት። ጠዋት ጠዋት ሁለቱን ቋንቋ እየቀላቀሉ ሰላም ይሉኛል፤ ሰላምታቸው ደግሞ አጭር አልነበረም።

«አከም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ?» ይላሉ። እንዴት አደርሽ ልጄ ማለታቸው ነው። «ቤት ደህና? እናትሽ ደህና? ጎረቤት? ዝናቡ እናንተ ሰፈር ጣለ? ላሞቹስ?»

«እኛ እኮ ላም የለንም፣ ኦቦ ኢተፋ። ጨለለቂ ሰፈር፣ መሀል ከተማ ላም የት እናስራለን?»

«ይሁን። ሲኖራችሁ እንዳትደነግጪ ከአሁኑ ላለማምድሽ ብዬ ነው።»

በሳምንቱም ላሞቹን ይጠይቁኛል። አንድ ቀን ሳላስበው «ደህና ናቸው፤ አንዷ ወልዳለች» አልኩ። ካፖርታቸው እስኪንሿሿ ሳቁ። ሰው ፊት ቀልድ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። ያ ረጅም ሰላምታ ሲያልቅ እኔ ሳላውቀው ማውራት ጀምሬ እገኛለሁ።

ሥራቸው ላይ አንድ ልማድ ነበራቸው። ሁለት ሽቦ አጋጥመው ሲበይዱ የቀለጠው ሊድ እስኪቀዘቅዝ ዝም ብለው ያዩታል። ከዚያ በሁለት እጃቸው ይዘው ሦስት ጊዜ ይጎትቱታል፤ መጀመሪያ ቀስ፣ ቀጥሎ ጠንከር፣ በመጨረሻ እንደ ተናደደ ሰው። «ያልተጎተተ አልተበየደም» ይላሉ። ተማሪዎቹም ሳይጎትቱ የሰጧቸውን አይቀበሉም ነበር።

ሲፈን የምትባል አፏ የማይያዝ ተማሪ ነበረችን። አንድ ቀን «ኦቦ ኢተፋ፣ ሚስትዎንም ሦስት ጊዜ ጎትተው ነው ያገቧቸው?» አለቻቸው።

«ሁለት ጊዜ ነው የጎተትኩት» አሉ ቀና ሳይሉ። «ሦስተኛው ላይ አባቷ መጣ።»

ለውድድሩ የሚቀርበው ሮቦት ነጭ ወለል ላይ የተሰመረ ጥቁር መስመር ተከትሎ ትናንሽ ሳጥኖችን ማድረስ ነበረበት። እኛ የሠራነው ከተገኘው ነገር ነው። አካሉ ቢጫ የዘይት ጀሪካን፣ ሞተሮቹ ከተጣለ ፕሪንተር የወጡ፣ ጎማዎቹ የብስክሌት ጎማ ላስቲክ የተጠመጠመባቸው የጣሳ ክዳኖች ነበሩ። መለማመጃ ወለል ስላልነበረን ኦቦ ኢተፋ ነጭ የማዳበሪያ ከረጢቶችን ቀደው እንደ ምንጣፍ ሰፉልን። መስመሩን በጥቁር ናስትሮ ለጠፍንበት። ሽቦውን በሙሉ የበየዱት እሳቸው ናቸው። ኮዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ላይ ሮቦቱ ጠዋት ጠዋት ቀጥ ብሎ ይሄድና ከሰዓት በኋላ መስመሩን ይስት ነበር። አራት ቀን ሙሉ ኮዱን ገለባበጥኩት። ኦቦ ኢተፋ ዱካቸው ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸውን በጉልበታቸው መሀል አድርገው ያዩኝ ነበር። በአምስተኛው ቀን ጠሩኝ።

«ኢንተላ ኮ፣ ይህ ዕቃ ሲገባ ሰላም ይላል?»

ሲፈን ሳቋ አመለጣት። «ሮቦት እኮ ነው! አፍ የለውም!»

«አፍ አላልኩም። አንቺ ሰው ቤት ስትገቢ ሳትጠይቂ ወደ ጓዳ ትሄጃለሽ? ይኸው ተመልከቺ፤ ጠዋት ይህ ወለል ጥላ ነበር፤ አሁን በመስኮቱ ፀሐይ ገብታበታለች። ወለሉ ሌላ ሆኗል። እሱ ግን ጠዋት ያየውን ይዞ ነው የሚሄደው። እኔ የማላውቀው ወፍጮ ጋ ስሄድ እህል አልጨምርም። ባዶውን አስነሳዋለሁ፤ ቆሜ እሰማዋለሁ፤ እንዴት አደርክ እለዋለሁ። ከዚያ ነው እህሉ።»

የሚሉት ነገር ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ነበር። ፈተና ላይ ጽፌው ጥሩ ውጤት አግኝቼበታለሁ። ደብተሬ ውስጥ ተቀምጦ ለአራት ቀን ትዝ ሳይለኝ፣ እሳቸው ከወፍጮ ቤት አመጡልኝ። ስድስት መስመር ጻፍኩ። ሮቦቱ ከመነሳቱ በፊት መስመሩ ላይ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዞር ብሎ፣ እዚያ ቦታ በዚያ ሰዓት ነጩ ምን ያህል ነጭ፣ ጥቁሩ ምን ያህል ጥቁር እንደሆነ ያያል። ከዚያ በኋላ መስመር ስቶ አያውቅም። ተማሪዎቹ «ጃርሳ» ብለው ስም አወጡለት፤ ሽማግሌው እንደማለት ነው። ሰላም ሳይል ስለማይንቀሳቀስ።

ሐሙስ ጠዋት ስንነሳ ኦቦ ኢተፋ አብረውን አልነበሩም። አቶ ታዬ መኪናው ሞልቷል ብለዋቸው ነበር። እሳቸው ግን ጃርሳን በካርቶን ውስጥ ጭድ ጎዝጉዘውለት፣ ተሸክመው መኪናው ላይ ጫኑት። እንግዳ ደጃፍ ላይ መሸኘት አይሆንላቸውም፤ ኮሌጃችን የመጣን ሰው ሁሉ እስከ አስፋልቱ ነው የሚሸኙት። እኛንም ከመኪናው ጎን ጎን እየተራመዱ እስከ አስፋልቱ አደረሱን። በመስኮቱ በኩል ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ሰላምታውን ይስጥ እሺ? አታስቸኩሉት» አሉኝ።

ራሴን በእሺታ ነቀነቅኩ። ኮዱ ከተሰረዘ አንድ ሌሊት አልፎት ነበር።

የአዳራሹ ወለል የሚያብረቀርቅ ነጭ ፕላስቲክ ነበር። ከላይ ትልልቅ መብራቶች ይወርዱበታል። ተራችን ሲደርስ ለዝግጅት ሦስት ደቂቃ ተሰጠን። ላፕቶፑ ጉልበቴ ላይ ነበር፤ የድሮው ኮድ ቅጂም ውስጡ ነበር። ሲፈን ጃርሳን መስመሩ ላይ አስቀምጣ ሞከረችውና ቀና ብላ አየችኝ።

«ቲቸር፣ ሰላምታውን ለምንድን ነው የማይሰጠው?»

አቶ ታዬን አየኋቸው። እጃቸውን አጣጥፈው ከገመዱ ወዲያ ቆመዋል። «ተስተካክሏል» አልኳት።

ጃርሳ ፊሽካው ሲነፋ ማንንም ሳይጠይቅ ተነሳ። በሁለተኛው ሰከንድ መስመሩን ለቀቀ። ቀጥ ብሎ ሄዶ የሜዳውን የጣውላ ጠርዝ ገጨና እዚያው ጎማውን እያሽከረከረ ቀረ። ከተመልካቹ መሀል አንድ ሰው «ግድግዳውን ሊያርስ ነው!» አለ፤ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። ሁለተኛው ሙከራም ያው ሆነ። ሲፈን አንስታ አቀፈችው። በመልሱ መንገድ ሁሉ ከጭኗ አላወረደችውም። ሲፈን ዝም ያለችበትን ቀን ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ሰኞ አቶ ታዬ ቢሯቸው ጠሩኝ። ለኮሌጁ ዲን የሚቀርብ አንድ ገጽ ሪፖርት ተጽፎ ጠብቆኝ ነበር። «የግራው ሞተር ሽቦ በብየዳ ጉድለት በመላቀቁ» ይላል። ክፉ ሰው አልነበሩም። ዲኑን ይፈሩ ነበር፤ እኔ ደግሞ እሳቸውን እፈራ ነበር።

«ኮድ ነው ካልን አንቺም እኔም እንጠየቃለን» አሉኝ። «ሽቦ ያው ሽቦ ነው። ሽቦ ይላቀቃል። ማንንም አይጎዳም።»

ማንን እንደሚጎዳ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። የኦቦ ኢተፋ ኮንትራት ሰኔ ላይ ነበር የሚታደሰው። ፈረምኩ። ፊርማዬ ያለወትሮው አምሮ መውጣቱ ትዝ ይለኛል።

ከሰዓት በኋላ ሪፖርቱ ተነበበላቸው። አልተከራከሩም። ወደ ወርክሾፑ መጥተው ከአጠገቤ ቆሙ። ካፖርታቸው አልተንሿሿም፤ ብሎኖቹን ከኪሳቸው አውጥተው ነበር መሰለኝ።

«የትኛው ነው፣ ኢንተላ ኮ?»

«የግራው ሞተር» አልኩ።

«ሦስት ጊዜ ጎትቼው ነበር። ልየው?»

«እዚያው አስተካክለነዋል።»

ይህን ያልኩት እንዳይጎትቱት ነው። ቢጎትቱት ይገባቸው ነበር። እሳቸው ግን እጃቸውን ገለበጡና መዳፋቸውን አዩት። «እንግዲህ እጅም ያረጃል» አሉ።

ሰኔ ላይ ኮንትራታቸው አልታደሰም። በመጨረሻው ቀን ጠዋትም እናቴን፣ ጎረቤቱን፣ ዝናቡን፣ ላሞቹን ጠየቁኝ። «ደህና ናቸው» አልኩ። ሌላ ያልኩት የለም። ሊሸኛቸው የወጣም የለም፤ እኔ ክፍል ነበረኝ። ልጠይቃቸው ኡኬ ለመሄድ ብዙ ጊዜ አሰብኩ። ሰው ፊት መናገር የማይችል ሰው ምክንያት አያጣም።

መሞታቸውን በስልክ የነገረችኝ ሲፈን ናት። ዓርብ ወደ ልቅሶው ሄድኩ። ከግቢው ደጃፍ ድንኳን ተጥሏል፤ የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን በኦሮምኛ ይዘምራሉ። ባለቤታቸውን አዴ ዲንቄን ከዚያ በፊት አይቻቸው አላውቅም። እሳቸው ግን ስሜን ስነግራቸው እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። የነገሩኝ በኦሮምኛ ነው፤ እኔ በአማርኛ እጽፈዋለሁ።

«መስከረም አንቺ ነሽ? በቤታችን ስምሽ ይነሳ ነበር። ያቺ ሽቦ ገደለችው አልልም፤ ልቡ ነው ብሏል ሐኪሙ። ግን ያቺን ሽቦ ሳያነሳ የዋለበት ቀን የለም። ሰው ሬዲዮ ሲያመጣለት እጄ ከድቶኛል እያለ ይመልሳል። አንድ ቀን ምናልባት ልጅቷ ተሳስታ ይሆናል ስለው ተቆጣኝ። መስከረም ፈርማበታለች አለኝ። ያቺ ልጅ ስታወራ እንኳ ቃል የምትመዝን ናት፤ አትዋሽም አለኝ።»

ከዚያ ሴት ልጃቸውን ልከው አንድ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ አስመጡ። ወርክሾፑ ውስጥ ብሎን ያስቀምጡበት የነበረው ነው። አሁን የሞላው የቁራጭ ሽቦ ነበር። ቀኑን ሙሉ ዱካው ላይ ተቀምጦ ሁለት ሁለት እያጋጠመ ይበይዳል፣ ይጎትታል፣ ቆርቆሮው ውስጥ ይጥላል አሉኝ። «የትኛው ጋ እንደሚላቀቅ ልየው ነው የሚለው።»

አንዱን አነሳሁ። ተበጥሷል፤ የተበጠሰው ግን ከብየዳው ጎን ነው። ሌላ አነሳሁ። ሽቦው ራሱ ሳስቶ ተበጥሷል፤ ብየዳው እንዳለ ነው። ሁሉም እንደዚያው ነበሩ። የተላቀቀ አንድም ብየዳ አልነበረም። ሰውዬው የመዳብ ሽቦ እስኪበጠስ እየጎተቱ እጃቸው ደህና መሆኑን በየቀኑ በዓይናቸው ሲያዩ፣ በየቀኑ ዓይናቸውን ትተው የእኔን ፊርማ ሲያምኑ ነበር የከረሙት።

«ጠንካራ ናቸው» አልኩ።

«እኔም ይህንኑ እለው ነበር» አሉ አዴ ዲንቄ። «ታዲያ ያ እንዴት ተላቀቀ? ይለኛል።»

አፌን ከፈትኩ። መዘምራኑ ሌላ መዝሙር ጀመሩ። ሲጨርሱ ቆርቆሮውን መለስኩላቸውና ተነሳሁ። ለቀስተኛ ቢሞላባቸውም አዴ ዲንቄ እስከ አስፋልቱ ሸኙኝ። በዚያ ቤት እንግዳ የሚሸኘው እስከዚያ ነው።

በማግስቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ወርክሾፑን ከፈትኩ። ጃርሳ በመደርደሪያው ጀርባ ቀይ አቧራ ለብሶ ቆሞ ነበር። ገልብጬ የጀሪካኑን ሆድ ከፈትኩት። በግራው ሞተር ላይ የኦቦ ኢተፋ ናስትሮ ተጠምጥሞ ነበር። ቀስ ብዬ ላጥኩት። ብየዳው እንደ ተበየደበት ቀን ያበራል። ሦስት ጊዜ ጎተትኩት። አራተኛም ጎተትኩት። አልተላቀቀም። ሞተሩን ከነሽቦው ፈትቼ፣ ማንንም ሳላስፈቅድ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ወደ ኡኬ የሚሄድ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ።

አዴ ዲንቄ ከድንኳኑ ደጃፍ ተቀበሉኝ። በሐዘን ውስጥም ሰላምታቸው ሙሉ ነበር፤ እንዴት እንዳደርኩ፣ እናቴን፣ ጎረቤቱን፣ ዝናቡን ጠየቁኝ። ላሞቹንም ጠየቁኝ። ከማን እንደሰሙ አልጠየቅኳቸውም። ሁሉንም አንድ በአንድ በኦሮምኛ መለስኩ፤ አልተቻኮልኩም፤ እኔም በተራዬ ጠየቅኳቸው። ሰላምታው ሲያልቅ ሞተሩን አውጥቼ እጃቸው ላይ አኖርኩ።

«የግራው ሞተር ይህ ነው። አልተላቀቀም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ዋሽቼ ነው የፈረምኩት።»

አዴ ዲንቄ ሞተሩን ገልብጠው አዩት። ከዚያ ሽቦውን በሁለት እጃቸው ያዙና ጎተቱት፤ መጀመሪያ ቀስ፣ ቀጥሎ ጠንከር፣ በመጨረሻ እንደ ተናደደ ሰው። ከቤቱ ደጃፍ የቀረውን የባላቸውን ባዶ ዱካ ዞር ብለው አዩ። ሞተሩን መልሰው ቦርሳዬ ውስጥ ከተቱልኝ።

«ውሰጂው» አሉ። «እኔ ሽቦ አላውቅም። የሚያውቀው ሄዷል።»

ፊታቸውን አዙረው ወደ ድንኳኑ ገቡ። ቦርሳዬን ዘጋሁ። ከዚያ እስከ አስፋልቱ ብቻዬን ሄድኩ።